የዘመተውን ሰው በስሙ እንጥራው

(ይህ ጽሑፍ አራት ኪሎ አካባቢ በተዘጋጀ የዘማቾች መታሰቢያ መድረክ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች አንዳንድ ቦታ አስተካክዬዋለሁ።)

የተከበራችሁ ዘማች አባቶቻችንና እናቶቻችን፣ የዘማች ቤተሰቦች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤ እንኳን ደህና መጣችሁ። ወጣቶች፣ የፊተኛውን ወንበር ለአባቶች ስለለቀቃችሁ ተባረኩ።

የመጣሁት አንድ ነገር ልናገር ነው። ከተማችን ጦርነቶቿን ታስታውሳለች። የዘመተላትን ሰው ግን በስሙ አታውቀውም።

ከዚህ አዳራሽ ወጥታችሁ በእግር ብትሄዱ ታዩታላችሁ። እዚሁ አራት ኪሎ አደባባይ ላይ የሚያዝያ 27 ሐውልት አለ፤ የ1933ቱ ድል መታሰቢያ። ወደ ላይ ስትወጡ ስድስት ኪሎ የየካቲት 12 ሰማዕታት ሐውልት ይጠብቃችኋል። ወደ ፒያሳ ብትወርዱ ምኒልክ ፈረሳቸው ላይ ናቸው። ጣልያን ከተማዋን ሲይዝ አውርዶ ቀብሮት የነበረ ሐውልት ነው፤ ከድል በኋላ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው። እዚያው አጠገብ በ2016 የተመረቀው የዓድዋ ድል መታሰቢያ አለ። አለፍ ብሎ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። ቸርችል ጎዳናን ይዛችሁ ስትወርዱ ደግሞ ጥቁር አንበሳ ፊት ለፊት የትግላችን ሐውልት አናቱ ላይ ኮከቡን ይዞ ቆሟል። ሁሉም በአንድ ከሰዓት የሚዳረሱ ናቸው። እንዲህ ያለ ከተማ ብዙ ያለ አይመስለኝም።

እንግዲህ ከእነዚህ ሐውልቶች ሥር ቁሙና የአንድ ተራ ወታደር ስም ጥሩ ብትባሉ ምን ትላላችሁ? ንጉሡን እናውቃለን። ራሶቹን እናውቃለን። ዓድዋ ላይ ከወገን በኩል ከ4 ሺህ እስከ 7 ሺህ ሰው እንደሞተ ይገመታል። ግምቱ ራሱ የሚነግረን ነገር አለ። 4 ሺህ ይሁን 7 ሺህ በእርግጠኝነት የማናውቀው፣ አንድ በአንድ ያልጻፍናቸው ስለሆኑ ነው። በመካከል ያለው 3 ሺህ ሰው ነው። 3 ሺህ ቤት ማለት ነው።

ይህ ከጥንት የመጣ ባህላችን ነው እንዳትሉኝ። የጥንቱ ባህላችን ከዚህ የተሻለ ነበር። ድሮ ዘማች ሲመለስ ጌታው ፊት ቀርቦ ይፎክራል። የፈረሱን ስም ይጠራል፣ የአባቱን ስም ይጠራል፣ የት ቦታ ማንን እንደገጠመ ይናገራል። ቢዋሽ አብሮት የዘመተው ጓደኛው እዚያው አፉን ያስይዘዋል። ስለዚህ ፉከራው ጭፈራ ብቻ አልነበረም፤ ምስክር ያለበት መዝገብ ነበር። ሲሞትም ለቅሶው ላይ ፈረሱ ተጭኖ ይወጣል፣ ጋሻውና ጠመንጃው ይወጣል። አልቃሿ የሠራውን እያነሳች ሕዝቡን ታስለቅሳለች። ልጁ የአባቱን ሥራ የሚማረው እዚያ ነው።

ፊታውራሪ ገበየሁ ዓድዋ ላይ ወደቁ። ገበየሁ ቢሞት ባልቻ ተተካ እየተባለ ተገጠመላቸው። ግጥሙን ያልሰማ ኢትዮጵያዊ የለም። ፊታውራሪው ዛሬ ድረስ በስማቸው የሚጠሩት ሐውልት ስለቆመላቸው አይደለም፤ ስማቸው ከአፍ ወደ አፍ ስለተላለፈ ነው። ከሳቸው ኋላ የነበረው እግረኛ፣ ስንቁን በአህያ ጭኖ ከሸዋ ትግራይ ድረስ የተጓዘው ሰውዬ፣ እሱም በቀዬው እንዲሁ ተገጥሞለት ነበር። ግጥሙ የጠፋው ቀዬው ውስጥ ነው፤ የሚቀጥለው ትውልድ ሳይጠይቅ ቀረ። ገብስ ፈጭታ ስንቅ ያዘጋጀችው፣ ውኃ የቀዳችው፣ ቁስለኛ ያሰረችው ሴትማ ከመጀመሪያውም ጠያቂ አልነበራትም።

አሁን ወደ ኮሪያ ልውሰዳችሁ። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ስም ሲጻፍና ሳይጻፍ ያለውን ልዩነት ከዚህ በላይ የሚያሳየኝ ታሪክ የለም።

በ1928 ንጉሠ ነገሥቱ ጄኔቫ ሄደው አቤት ቢሉ ዓለም ጀርባውን ሰጠ። ከ14 ዓመት በኋላ የተባበሩት መንግሥታት ለደቡብ ኮሪያ ጦር ሲጠይቅ፣ ኢትዮጵያ እሺ ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሆነች። ምክንያቱ ግልጽ ነበር። እኛ ስንወረር ማንም አልደረሰልንም፤ ሌላው ሲወረር እንደርሳለን። ከክቡር ዘበኛ የተመረጡት ወታደሮች በሚያዝያ 1943 በጅቡቲ በኩል በመርከብ ሄዱ። ሻለቃው ቃኘው ተባለ፤ በራስ መኮንን የፈረስ ስም። ዓድዋ የዘመቱት የአባ ቃኘው ስም በ55 ዓመቱ ፑሳን ወደብ ላይ ተጠራ።

እስቲ አስቡት። በረዶ አይቶ የማያውቅ የሸዋ፣ የወለጋ፣ የጎንደር ልጅ ነው። ምሽጉ ውስጥ ብረት ሲነካ እጁ ይጣበቃል። የኮረብታውን ስም እንኳ አያውቀውም፤ ካርታው ላይ ያለው ቁጥር ነው። ሌሊት ለቅኝት ይወጣል። ከቃኘው ወታደሮች 122 በዚያ ጦርነት ሞቱ። ከ500 በላይ ቆሰሉ። አንድም ሰው ግን በጠላት እጅ አልወደቀም። ይህ በጦርነቱ ታሪክ ተደጋግሞ የሚነሳ ነገር ነው። የቆሰለ ጓዱን ጥሎ የሚመለስ አልነበረም ማለት ነው። የሟቾቹም አጽም ወደ አገሩ ተመልሷል።

ሲመለሱ አጀብ ጠበቃቸው። ከተማዋ ውስጥ መኖሪያ ቦታ ተሰጣቸው፤ ዛሬም ኮሪያ ሰፈር የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። ከዚያ 1966 መጣ። ሰሜን ኮሪያ የደርግ ወዳጅ ሆነች። ቸርችል ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት እንኳ በሰሜን ኮሪያ እርዳታ የተሠራ ነው። ደቡብ ኮሪያ ዘምቶ መመለስ የሚያኮራ መሆኑ ቀረና የሚያስፈራ ሆነ። ሜዳዩን ሳጥን ሥር የከተተ አለ። ልጁ ትምህርት ቤት እንዳያወራ ያስጠነቀቀ አለ።

በሌላ በኩል ፑሳን ውስጥ፣ የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር ግቢ፣ ጥቁር ድንጋይ ግድግዳ አለ። በዚያ ጦርነት የሞቱ ከ40 ሺህ በላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ስም ተቀርጾበታል። የእኛ 122 ሰዎችም እዚያ አሉ፤ እያንዳንዳቸው በስማቸው። ኮሪያዊ ተማሪ መጥቶ ፊደል እየቆጠረ የኢትዮጵያዊን ስም ያነባል። እኔ ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል፣ ወዲያው ደግሞ ይከነክነኛል። ለባዕድ አገር የሞተ ወንድማችን በባዕድ አገር ስሙ ተነበበ። ለገዛ አገሩ የሞተውስ?

ይህ ነው ወደ ካራማራ የሚያመጣኝ።

በ1969 ክረምት የሶማሊያ ጦር ገባ። ጅግጅጋ አጠገብ ያለው የካራማራ ተራራ በጠላት እጅ ወደቀ። ጅግጅጋ ተያዘች። የካቲት 26 ቀን 1970 በእኛ ጦር ነጻ ወጣች። በመሃል ያለውን የሚያውቁት እዚህ ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ናቸው። ታጠቅ ጦር ሰፈር ገበሬው ከማረሻው፣ ወዝ አደሩ ከፋብሪካው ተነሥቶ ገባ። በጥቂት ወራት ሰልጥኖ ወጣ። በአየር ላይ ለገሠ ተፈራን የመሰሉ አብራሪዎች ተዋጉ። ለገሠ የጠላትን አውሮፕላን ጥለዋል፤ የራሳቸው ተመትቶ ተማረኩና ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት ኖሩ። እሳቸውን ብዙ ሰው ያውቃቸዋል፤ ይገባቸዋልም።

እኔ ግን ስለ አጎቴ ልናገር። ሚሊሺያ ነበር። ታጠቅ ገባ፣ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ሄደ። ከእሱ የቀረን አንድ ደብዳቤ ነው። ከደብተር የተገነጠለ ወረቀት፣ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈ፣ በአራት ታጥፎ የታጠፈበት መስመር ላይ ሊቀደድ የደረሰ። «ለውድ እናቴ፣ ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ ከእናንተ ናፍቆት በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ» ብሎ ይጀምራል። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ሁሉ የሚጀምረው እንደዚህ ነው። ከዚያ ስለ ጦርነቱ አንድም ቃል የለም። ላሚቱ ወለደች ወይ ብሎ ይጠይቃል። ጫማዬ ሰፍቶኝ ነበር፣ አሁን ተቀየረልኝ ይላል። የጎረቤት ልጅ አብሮት እንዳለ ይናገራል፣ ለእናቱ ንገሪያት፣ ደህና ነው በያት ይላል። መጨረሻ ላይ ጥርስ ያወጣውን የእህቱን ልጅ ሳሚልኝ ይላል።

ሌላ ደብዳቤ አልመጣም። መርዶም አልመጣም።

መርዶ እኛ አገር እንዴት እንደሚነገር ታውቃላችሁ። ጎረቤትና ዘመድ ተሰብስቦ፣ ማልዶ በር ያንኳኳል። ያ ማንኳኳት ለአያቴ ሳይመጣ ቀረ። ስለዚህ አላለቀሰችም። ተዝካሩንም አላወጣችም። «ሞተ ያለኝ ማን አለ?» ትላለች። ጦርነቱ ካለቀ በኋላ ምርኮኛ ተመለሰ ሲባል ነጠላዋን አጣፍታ ትወጣለች። በዓል ሲሆን ድርሻውን ታስቀምጣለች፤ ማታ ለልጆች ትሰጠናለች። እሷ እስክትሞት ድረስ በቤታችን ስለ እሱ «ነበር» ብሎ የሚናገር አልነበረም። ደብዳቤው ላይ ያለው የጎረቤት ልጅም አልተመለሰም። ሁለቱ እናቶች ጎን ለጎን እየኖሩ ስለ ልጆቻቸው ሳያወሩ አረጁ።

ይህን ያወጋኋችሁ ቤታችን ከሌላው የተለየ ስለሆነ አይደለም። ይሄ አዳራሽ ውስጥ እንዲህ ያለ ቤት ያላችሁ ብዙ ናችሁ። በቀኝ በኩል የተቀመጡት እናቴ አንገታቸውን ሲነቀንቁ እያየሁ ነው። አንድ መዝገብ ቢኖር፣ አንድ ጸሐፊ በዚህ ቀን በዚህ ቦታ ወደቀ ብሎ አንድ መስመር ቢጽፍ፣ አያቴ አልቅሳ ይወጣላት ነበር። ለቀሪው ቤተሰብ የአንድ መስመር ጽሑፍ ዋጋው ይህን ያህል ነው።

ከዚያ ደግሞ ግንቦት 1983 መጣ። ጦሩ ተበተነ። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ወታደር ባዶ እጁን መንገድ ላይ ቀረ። ካራማራ የተዋጋው፣ ቀይ ባሕር ዳር ምሽግ ውስጥ ወጣትነቱን የጨረሰው ሰው፣ ካኪውን እንደለበሰ ፒያሳና መርካቶ ላይ እጁን ዘረጋ። ልጅ ሆኜ አይቻቸዋለሁ። አንዳንዱ ፊቱን አዙሮ ነበር የሚለምነው። «የደርግ ወታደር» ተባሉ። እነሱ ግን ሲዘምቱ የማሉት ለባንዲራ ነው።

አያችሁ፣ ኮሪያ የዘመተውን ደርግ ረሳው። ለደርግ ዘመን የዘመተውን ቀጥሎ የመጣው ረሳው። ባድመ የዘመተውስ ዛሬ ማን ያነሳዋል? በ1990 እና በ1992 መካከል ስንት ልጅ እዚያ ቀረ? በእኛ አገር የወታደር ክብር ከመንግሥት ጋር መጥቶ ከመንግሥት ጋር ይሄዳል። ሐውልት የሚያቆመው መንግሥት ነው። የሚሰጠውም የሚነሳውም እሱ ነው። ስም የመጠበቁን ሥራ ግን ለመንግሥት ብቻ መስጠት የለብንም የምለው ለዚህ ነው። መንግሥት ያልፋል። ቤተሰብ፣ እድር፣ ሰፈር፣ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ይቀራሉ።

አንድ ከባድ ነገር አለ፤ ዘልዬው ማለፍ አልፈልግም። እርስ በርሳችን የተዋጋንባቸው ጦርነቶች አሉ፤ ቁስላቸው ያልደረቀም አለ። እዚያ የሞተውን ምን እናድርገው? በበኩሌ መልሴ አጭር ነው። የጦርነቱን ፍርድ ለታሪክና ለሕግ እንተወው። የሞተው ልጅ ስም ግን ይጻፍ። እናቱ ዘንድ ስትሄዱ የምትነግራችሁ ስለ ልጇ ነው። ይህን የምለው ጦርነትን ለማሞገስም አይደለም። ጦርነትን ከልቡ የሚጠላ ሰው የምትፈልጉ ከሆነ ከወታደር ዘንድ ሂዱ።

ወጣቶች፣ ለእናንተ አንድ ልመና አለኝ። ሚያዝያ 27 ጠዋት እዚህ አደባባይ ስትመጡ ሜዳይ ያደረጉ አባቶችን ታያላችሁ። አጠገባቸው ቆማችሁ ሰልፊ ትነሳላችሁ። ጥሩ ነው፣ ተነሱ። ግን ጠይቋቸው። አንድ ጊዜ አንድ አባት አጠገብ ቆምኩ። አሮጌ ካፖርት፣ ደረታቸው ላይ አራት ሜዳይ። የአንዱ ማንጠልጠያ ተበጥሶ በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። ሰው እየመጣ ፎቶ ይነሳና ይሄዳል። «አባባ፣ ይሄ በምን የተሸለሙት ነው?» አልኳቸው። ሜዳዩን ትተው ስለ ወጥ ቤት ሠራተኛቸው ነገሩኝ። ምሽጋቸው በመድፍ ሲደበደብ ሻይ ይዞ እየዳኸ ይመጣላቸው ነበር። አንድ ቀን ጀሪካኑ ብቻ ተገኘ። ስሙን ከነአባቱ ነገሩኝ፤ የመጣበትን ወረዳም ነገሩኝ። «ሜዳይ ያልተሸለመ እሱ ነው» አሉኝ። የእሳቸውን ስም የጠየቅኳቸው ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ስትጠይቁ «ስንት ሰው ገደሉ?» አትበሉ። ይህ ጥያቄ ብዙዎቹን ያማል፤ ሌሊት የሚያባንናቸው እሱ ነው። «አጠገብዎ ማን ነበር?» በሉ። አፋቸው ይፈታል። ሹፌሩን ይነግሯችኋል፣ ነርሷን ይነግሯችኋል፣ ሬዲዮ ይዞ የወደቀውን ልጅ ይነግሯችኋል። በአርበኝነት ዘመን ባላቸው ፍቼ ላይ ሲገደልባቸው ሐዘን ሳይቀመጡ ጦር የመሩት ወይዘሮ ከበደች ሥዩም ይታወቃሉ። በዚያው ዘመን እዚህ አዲስ አበባ ውስጥ ጥይትና መረጃ በቅርጫት እያሳለፉ አርበኛውን ያቆዩ የውስጥ አርበኞች ግን ስንቱ በስም ይታወቃል? ብዙዎቹ የሽሮ ሜዳ፣ የጉለሌ፣ የአራዳ ሰዎች ናቸው። የልጅ ልጆቻቸው ምናልባት እዚህ ተቀምጣችኋል፤ ሳታውቁት።

ደግሞ በሕይወት ያሉትን አንርሳ። ጦር ጉዳተኛ ጎረቤት ያለው ሰው፣ ሐኪም ቤት ወረፋ ይያዝለት። የጡረታ ወረቀቱ ሲጠፋ አብሮት ይመላለስ። አካል ጉዳተኛው ታክሲ ሲይዝ መጀመሪያ ይግባ። ባለ ሰው ሠራሽ እግር አባት የፎቅ ቢሮ ደረጃ ሲወጡ ሳይ እናደዳለሁ፤ ከታች አንድ ጠረጴዛ ማውጣት ምን ያስቸግራል? ክብር የምንለው እዚህ ጋ ካልታየ በዓል ላይ የምናበራው ሻማ ለማን ነው?

ልጨርስ። ስትወጡ በሩ አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ትልቅ ጥቁር ደብተር አለ። የተቀመጠው ለዚህ ሥራ ነው። ከቤተሰባችሁ፣ ከሰፈራችሁ የዘመተ ሰው ካለ ጻፉት። የራሱ ስም፣ የአባቱ ስም፣ ከቻላችሁ የአያቱ ስም። የተወለደበት ቦታ። የዘመተበት ግንባር። ክፍለ ጦሩን ወይም ሻለቃውን ካወቃችሁ እሱንም። የወደቀ ከሆነ ቀኑን፤ ቀኑን ካላወቃችሁ ለመጨረሻ ጊዜ ደብዳቤ የጻፈበትን ወር። በየትኛው መንግሥት ጊዜ ዘመተ የሚል ዓምድ ደብተሩ ላይ የለም፤ ሆን ብለን ነው የተውነው። የመጀመሪያው መስመር ላይ አጎቴን ጽፌዋለሁ። ሁለተኛው ላይ የጎረቤቱን ልጅ። እስክሪብቶ ሁለት ነው ያለው፤ ያላችሁ አውጡ። የእጅ ጽሑፍ የሚያስቸግራችሁ አባቶችና እናቶች ቁጭ በሉ፤ ልጆቹ እየመጡ ይጽፉላችኋል። አዳራሹ እስከ 12 ሰዓት ተፈቅዶልናል።